ጾመኞቹ ዝንቦቼ

ጄኔሬተሩ ካኮረፈ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ፍሪጁም አብሮት። የካቶር ገበያዋ ሻጭ "ማፊ ሙሽኪላ፣ ምንም አይሆንም" ብላ ያሸከመችኝ ማንጎ ጠረጴዛው ላይ ሊፈርስ ደርሷል። ጣፋጭም ኮምጣጣም የሆነ ሽታው ቤቱን ሞልቶት፣ ሰሊጥ የሚያካክሉ ዝንቦች ያንዣብቡበታል። ጡረታ ስወጣ እዚህ ጁባ ያመጣችኝ፣ ባንክ የምትሠራው ልጄ፣ ጠዋት ስትወጣ ዛተችብኝ፤ "አባዬ፣ ዛሬ ካልጣልከው አንተንም አብሬ ነው የምጥልህ!"

ትጣለኝ! ዝንብ ሲያረጅ ሳይ ነው ያረጀሁት፤ አሁን እነሱ በተራቸው እኔን ቢያዩ ምን ይደንቃል?

ሽታው ግን አዲስ አበባ፣ የወጣትነቴ ላቦራቶሪ ይወስደኛል። ስማኝማ። ለሁለተኛ ዲግሪዬ የያዝኩት ጥያቄ፣ ምግብ የተቀነሰበት ዝንብ ከጠገበው ይልቅ ዕድሜ ያገኛል ወይ የሚል ነበር። ለግማሾቹ ብልቃጦች የበቆሎ ዱቄትና ስኳር እንደ ልብ፣ ለግማሾቹ በቁንጥጫ። ሥራዬ በየጠዋቱ ሬሳ መቁጠር ነበር። እሑድ የለ፣ ዓመት በዓል የለ። ፋሲካ ዕለት እንኳ ዶሮው ሳይቀርብ ሮጬ ሄጄ ሦስት ሟች መዝግቤ ተመልሻለሁ። እጮኛዬ "ከእኔና ከዝንቦቹ ምረጥ" ብትለኝ፣ እያሰብኩ ሳለ ሄደች።

ብልቃጥ የሚያጥቡልን አንዲት እማማ ነበሩ። ዝንብ በኤተር ማስተኛትና በላባ ማንሳት ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ። እጃቸው ከእኔ እጅ ይልቅ ይረጋ ነበር።

ጥጋበኞቹ ዝንቦች በጊዜያቸው አለቁ። የተራቡት ግን እንቢ አሉ! ወር አልፎ ወር መጣ፣ አንድም አልጎደለም። ጓደኞቼ "ጾመኞቹ" አሏቸው። እኔማ የእርጅናን መድኃኒት ያገኘሁ መስሎኝ አንገቴን እንደ ሰጎን አቁሜ መሄድ ጀመርኩ።

አማካሪዬ ፕሮፌሰሩ መጥተው ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሱ።

"አንተ፣ ያረጀ ዝንብ ክንፉ ይተለተላል። እነዚህ ትናንት የተፈለፈሉ ይመስላሉ።"

"ጾሙ ተስማምቷቸው ይሆናላ" አልኩ።

አልሳቁም። "እስከ ሰኞ ምክንያቱን አምጣ። አለዚያ እዚህ ቦታ የለህም።"

በማግስቱ ከወትሮው ቀድሜ ብገባ፣ እማማ ላባቸውን ይዘው የዘር ዝንቦች ከሚባዙበት ትልቅ ማሰሮ ወደ ብልቃጦቼ ያሸጋግራሉ።

"እማማ! ምን እየሠሩ ነው?"

"የሞቱትን እየተካሁልህ ነዋ" አሉ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ። "ጠግቦ የሚሞተው ይሙት። ተርቦ የሚሞተውን ማየት ግን አላስቻለኝም። አንተም ሬሳ ስትቆጥር ፊትህ ይጠቁራል።"

"ሥራዬን እኮ ገደሉት!" ጮህኩ።

"እኔ ማንን ገደልኩ? የምታስርባቸው አንተ!"

አንድ ዓመት ሙሉ የለፋሁበት ጥናት በርኅራኄ ወደመ። እውነቱን ብናገር እሳቸው ከሥራ ይባረራሉ። ሰኞ ለፕሮፌሰሩ "የዘር ዝንቦቹን ከጾመኞቹ ጋር ቀላቅዬ ነው" አልኳቸው። ጨዋነት እንዳይመስልህ፤ ግማሹ ሐፍረት ነው። ክንፍ ማየት ያቃተው ተመራማሪ እኔ ነበርኩ። አንድ ዕድል ሰጡኝና ከዜሮ ጀመርኩ።

እማማ ከዚያ ወዲህ ዝንቦቼን አልነኩም። በየጠዋቱ ግን በጋዜጣ የጠቀለሉትን ዳቦ መዝገቡ ላይ አስቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። "ሰው በባዶ ሆዱ ሬሳ አይቆጥርም፣ ልጄ" ይሉኛል። ካልበላሁ እርሳሴን አይሰጡኝም።

ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት በትልና በዝንብ ዕድሜ ላይ ስመራመር ኖርኩ፤ ባሕር ማዶም ሄድኩ። ስመለስ ብልቃጥ የሚያጥበው ሌላ ሰው ነበር። እማማ አርፈዋል አሉኝ፤ መቼ እንደሆነ ብጠይቅ የሚያውቅ ጠፋ። የስንቱን ዝንብ ሞት በቀኑ የመዘገብኩት ሰውዬ፣ የእሳቸውን ቀን የትም አልጻፍኩም።

ልጄ ልትመለስ ነው። ማንጎውን ከነዝንቦቹ በወንፊት ከድኜ አልጋዬ ሥር ደብቄዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ሁለት ሞተው አገኘሁ።

ቁርሴን በልቼ ነው የቆጠርኳቸው።