አላስተምርም ያለው ሰው

ጋሼ ቀልዱን ሰነፍ የሚል ሰው ካለ ከእኔ ጋር ይነጋገር። በቆርቆሮ ክዳን ፋብሪካችን ከእሱ ቀድሞ የሚገባ አልነበረም። ቀልዱ ብለን ስም ያወጣንለትም እኛው ነን። መጭመቂያው ማሽን አራት ጣቱን የበላበት ሰሞን ልንጠይቀው ሄደን ስናለቅስ፣ አውራ ጣቴ አለች አይደል፣ ለመስማማት እሷ ትበቃለች ብሎ አሳቀን። ሚስቱ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር።

እጅ እንዳይገባበት የሚከልለው የማሽኑ መከለያ ሥራ ያዘገያል ተብሎ ከተነቀለ ቆይቷል። እኛም እናውቃለን፣ አለቆቹም ያውቃሉ። ብቻ የጉዳት አበል ተወሰነለትና ቤቱ በእሱ ቆመ፤ የመጨረሻ ልጁም ትምህርቷን ቀጠለች።

ኋላ ፋብሪካው ቀላል ሥራ አገኘሁልህ አለው። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? በዚያው ማሽን ላይ አዲስ ተቀጣሪዎችን ማስተማር፤ ተቀምጦ፣ በአፉ ብቻ። ሐኪሙም ይችላል ብሎ ፈረመ። ጋሼ ቀልዱ አሻፈረኝ አለ። መከለያውን መልሱትና ዛሬውኑ እጀምራለሁ ቢል ማን ሰምቶት! ተስማሚ ሥራ እምቢ ብሏል ተብሎ አበሉ ተቋረጠ።

ይግባኝ አለ፤ እኔም ምስክር ሆኜ አብሬው ሄድኩ። ጉዳዩን የሚያዩት ሴትዮ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ውሃ እንኳ አስቀድተውለታል። ግን ጥያቄያቸው መቀመጥ ይችላል ወይ፣ መናገር ይችላል ወይ ነው። ስለ መከለያው አፌን ስከፍት፣ እሱ የሌላ ክፍል ጉዳይ ነው አሉኝ። ደሜ ፈላ። ጋሼ ቀልዱ ግን በቀስታ፣ «የሰው ልጅ እያባበልኩ እዚያ ውስጥ እጁን አላስከትትም» አለ።

ተፈረደበት። አንድ የመጨረሻ ይግባኝ ብቻ ቀረው፤ እሱም ቀጠሮው ሩቅ ነው።

እስከዚያ ማን ያብላቸው? እናትየው ልብስ ማጠብ ጀምራ ወገቧ አልቻለም። አከራዩ በር ማንኳኳት አበዛ። ልጅቷ ማንንም ሳታማክር ትምህርቷን ትታ እኛ ዘንድ ተቀጠረች። የመደቧት ደግሞ እዚያው ማሽን ላይ። ከሥራ እንደወጣሁ በቀጥታ ሄጄ ለአባቷ ነገርኩት።

ተዪው ብሎ ለመናት። በጄ አላለችም፤ የማን ልጅ ናትና። ይግባኙ እስኪታይ ብቻ ነው አባዬ አለችው።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ቀልዱ የአለቃውን ቢሮ አንኳኳ። የማስተማሩን ሥራ እቀበላለሁ፣ ይግባኙንም ትቼዋለሁ አለ። አለቃው ደስ ብሎት፣ ድሮም ተስማሚ ሥራ ነው ብለንህ አልነበር ወይ አለው። እሱ ግን የተቀበለው ልጁን ሌላ ሰው እንዳያስተምርበት ነው፤ ሌላ ምንም የለውም።

ወንበር አመጡለት፤ አልተቀመጠበትም። ከኋላዋ ቆመ። ቆርቆሮውን አስገቢ ይላታል፤ እጅሽን አውጪ፤ መውጣቱን እዪ፤ አሁን መርገጫውን በእግርሽ ጫኚ። ማሽኑ በወረደ ቁጥር ትከሻው ይሸማቀቃል። እኔ ከጎን ሆኜ ማየት አቃተኝ። ሌሎቹ አዲስ ልጆች ግድግዳውን ተደግፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

ደጋግሞ፣ ደጋግሞ ሲነግራት ልጅቷ ሳቅ አለችና፣ «ገብቶኛል አባዬ፣ አሁን ወደ እነሱ ሂድ» አለችው።

«እኔም ገብቶኝ ነበር፣ ልጄ» አላት።