የኢላሪዮ እግርና የኦቲሊያ ስለት

እኛ ከተማ ቾሉላ ውስጥ ስለ ኢላሪዮ ኮዮትል ክፉ የሚያወራ ሰው አይገኝም፤ ስለ እግሩ ካልሆነ በቀር። ዳቦው ትኩስ ነው፤ ምላሱም ለስላሳ ነው። ጎህ ሲቀድ በአሮጌ ቀይ ሞተሩ ላይ ትልቅ የዳቦ ቅርጫት አስሮ፣ ጡሩምባውን እየነፋ በየሰፈሩ ይዞራል። ሞተሩን «አህያዋ» ነው የሚላት፤ ስትነሳ ስለምታናፋ። የክርስትና እናት እንኳ አላት። በገዛት ሰሞን ቄሱ ጸበል ሲረጯት፣ ገበያ ውስጥ አበባ የምትሸጠው ኤውላሊያ ሪባን አስራላት አጠገቧ ቆማለች። ስለዚህ ኤውላሊያና የኢላሪዮ ቤት አበልጆች ናቸው። እኛ ዘንድ አበልጅነት በሞተርም ይጸናል።

የእግሩ ነገር ግን ለብቻው ነው። ጎረምሳ እያለ በአንዲት የሰፈር ልጅ የዐሥራ አምስት ዓመት ልደት ላይ ከአጃቢዎቹ አንዱ ሆኖ እንዲደንስ ተመረጠ። ልጆቹ ሲለማመዱ ሰነበቱ። በዕለቱ ሁሉም ወደ ቀኝ ሲዞር እሱ ወደ ግራ ዞረና ባለልደቷን ከነነጭ ቀሚሷ ኬኩ ላይ አስቀመጣት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ «ኬክ» ሆኖ ቀረ። ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው ኦቲሊያ የምትባል ልጅ ነበረች፤ ኋላ ያገባትም እሷኑ ነው። በገዛ ሰርጉ ሙዚቃ ሲጀመር «ሙሽራው ጠፋ» ተባለ። ተፈልጎ የተገኘው ጓሮ፣ ሞሌ ከሚባለው የበርበሬ ወጥ ድስት ጀርባ ቆሞ ወጡን ሲያማስል ነው። ይኸው አርባ ዓመት ሙሉ፣ በሰው ሰርግ ሁሉ ኦቲሊያ ወንበር ላይ ተቀምጣ የሌሎችን እግር ታያለች፤ ኢላሪዮ ደግሞ ድስት ይጠብቃል።

ባለፈው ዓመት ትርፍ አንጀቱ ፈነዳ። ሐኪሙ ወጥቶ «የምታውቁት ቅዱስ ካለ አሁን ጥሩት» አለ። ኦቲሊያ ጠራች፤ ኢላሪዮም ተረፈ። አልጋው ላይ ቀና ብሎ ሾርባ መጠጣት በጀመረበት ቀን ማንኪያውን አፉ ድረስ አድርሳ፦

«ስለት ተስያለሁ» አለችው።

«ደግ አድርገሻል። ሻማ ነው?»

«አይደለም።»

«አበባ ነዋ!»

«ሳን ሁዋን ሄደህ በተአምራት ጌታ ፊት ትደንሳለህ።»

ሾርባው ትን አለው። «አንቺ ሴትዮ! ሰው በራሱ እግር ይሳላል እንጂ በሰው እግር ይሳላል?»

«አንተማ ራስህን ስተህ ነበር። ማንን ላስፈቅድ?»

ሳን ሁዋን ኑዌቮ ያለው ሚቾአካን ክፍለ ሀገር ነው፤ ከኛ ብዙ ተራራ ማዶ። እዚያ፣ የተአምራት ጌታ በሚባለው የስቅለት ምስል ፊት፣ ስለት የሚገባው በጭፈራ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ መሠዊያው እየደነሱ ይሄዳሉ፤ ለጌታ ጀርባ ሳይሰጡ ወደ ኋላ እየደነሱ ይመለሳሉ። ስለት አለመክፈል ደግሞ ቀልድ አይደለም። የጎረቤታችን በሬ ለምን እንደሞተ ቾሉላ ውስጥ የማያውቅ የለም።

ኢላሪዮ ግን ዳቦ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው፤ መላ አያጣም። የኦቲሊያ ግራ ጉልበት ካበጠ ዓመታት አልፎታል፤ ደረጃ እንኳ የምትወጣው ቅዱሳኑን ሁሉ እየጠራች ነው። እሱም ይህን አስቦ፣ «አውቶቡስ ያስታውከኛል፤ ቁስሌም ይፈታል። በአህያዋ ከሆነ ግን እሄዳለሁ» አላት። አውቶቡስ ላይ የሚፈታ ቁስል ሞተር ላይ እንዴት እንደማይፈታ አላብራራም። ያን ሁሉ መንገድ ኮርቻ ላይ ስትባል «ሻማ ይበቃል» ትላለች ብሎ ጠበቀ።

«እኔም እንደሱ ትላለህ ብዬ ነው ሱሪ የሰፋሁት» አለች ኦቲሊያ።

ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ይሏል ይህ ነው።

ቁስሉ ሲጠግግ የዳቦው ቅርጫት ወረደ፤ በቦታው ኦቲሊያ በአዲስ ሱሪዋ ወጣች። ኤውላሊያ መሪው ላይ አበባ አሰረች፤ መንገዱም ተጀመረ። ዶን ጎዮ ከሩቅ ጭሱን እየለቀቀ ይጠብቃቸዋል። እሳተ ገሞራው ነው፤ ግን ልደቱን የምናከብርለት ጎረቤታችን ስለሆነ በስም ነው የምንጠራው። አጠገቡ የተኛችው ሴት ተጋድማለች፤ እሷም ተራራ ናት፤ ሚስቱ ናት።

«አየሽ?» አለ ኢላሪዮ ወደ ኋላ እየጮኸ፤ «ዝም ብላ ስለተኛችለት ነው ተስማምተው የኖሩት።»

«እሱ ምን ያስጨሰዋል ታዲያ?» አለች ኦቲሊያ።

በሁለቱ ተራሮች መካከል ካለው በር ላይ ሲደርሱ አህያዋ ቀጥ አለች። ኢላሪዮ ወርዶ ጎንበስ አለ፣ አንገቱን ነቀነቀ፣ ማቀጣጠያ ካንዴላውን ፈትቶ አሸተተው። «አበቃላት። ካንዴላው ተቃጥሏል። ደግነቱ ወደ ቤት ቁልቁለት ነው፤ ሞተር ሳይነሳ ይወርዳል።» ትንሽ ቀደም ብሎ ኦቲሊያ ጫካ ገብታ እስክትመለስ ጥሩውን ካንዴላ ሊቃጠል በደረሰ አሮጌ የለወጠው ራሱ መሆኑን መናገር ያስፈልጋል? ኦቲሊያ ግን የሻርፗን ጫፍ ፈታ በወረቀት የተጠቀለለ አዲስ ካንዴላ አወጣችና ሰጠችው።

«ከየት አመጣሽው?»

«አበልጃችን ናት። ‹ተራራው ላይ ይጠፋበታል› ብላኛለች።»

እዚያ ቦታ ላይ ዶን ጎዮ ጭሱን ቡፍ አደረገ። ኢላሪዮ ሳቀብኝ ብሎ እስከ ዛሬ ተቀይሞታል።

ቶሉካ ከተማን በብርድ እየተንቀጠቀጡ አለፉ፤ የከተማው ተራራ ጫፉ ላይ በረዶ ነበረበት። ከዚያ በጥድ ደን ውስጥ የሚጠማዘዘው መንገድ መጣ። ኦቲሊያ ወገቡን ግጥም አድርጋ ይዛ፣ በየኩርባው ከእሱ ጋር ወደ ቀኝ ትዘማለች፣ ከእሱ ጋር ወደ ግራ ትዘማለች። ኢላሪዮ ይህን ልብ አላለም። ልቡ ሌላ ተንኮል ላይ ነበር።

ሞሬሊያ ሲደርሱ በሮዝ ድንጋይ ከተሠራው ካቴድራል ፊት ለፊት ከሞተር ወርዶ ማነከስ ጀመረ። «ቁርጭምጭሚቴ! ኮብልስቶኑ ጎዳኝ! በዚህ እግር የደነሰ ሰው የለም።» ኦቲሊያ አዘነችለት። አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጣ ካልሲውን አወለቀችና፣ ከጉልበቷ መድኃኒት ቆንጥራ አሸችው። ያ ቅባት ምን እንደተጨመረበት የምታውቀው ቀማሚዋ ብቻ ናት። ኢላሪዮ እግሩ በርበሬ እንደነካው ተቃጠለበትና በባዶ እግሩ እየዘለለ የአደባባዩን ፏፏቴ ፍለጋ ሮጠ።

«ተመስገን፣ ድኗል» አለች ኦቲሊያ፤ ከአደባባዩ የገዛችውን የዘይቱን ጣፋጭም ረጋ ብላ መብላት ጀመረች።

ፓትስኳሮ ሲገቡ ኢላሪዮ መላው ሁሉ አልቆበት ነበር። በቀይ ጣራዎቹ መካከል፣ ከትልቁ አደባባይ ዛፍ ስር ተቀምጠው ከሐይቁ የወጡ ትንንሽ ዓሦች ጥብስ በሉ። የእውነት ፈርቶ ነበር። ሰው ቢስቅስ? ጌታ ፊት ወደ ግራ ቢዞርስ? ኦቲሊያ እጇን ልትታጠብ ስትነሳ ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ፤ እሱም አነሳው። ሃሎ እንኳ ሳይል ኤውላሊያ ቀደመችው።

«ኦቲሊያዬ! ደነስሽ ወይ? እንደው ያን ጉልበትሽን ይዘሽ! ምን ቢነካሽ ነው ‹እኔ እደንስልሃለሁ› ብለሽ የተሳልሽው? ሻማ አንሶሽ ነው?»

ኢላሪዮ ጉሮሮውን ጠረገ። «አበልጄ፣ እኔ ነኝ።»

«ውይ! ዶን ኢላሪዮ! እንደው... አህያዋ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ሰላም ብላዎታለች።»

ስልኩን ቦታው መልሶ ዓሣውን መብላት ቀጠለ። ስለቱ የእሷ ነበር! ዝም አይነቅዝም ብሎ ዋጥ አደረገው። ከዚያ በኋላ እስከ ሳን ሁዋን ድረስ መንገዱን ሁሉ እያፏጨ ነዳ። ኦቲሊያ «ምን አገኘህ?» ብትለው «አየሩ ጥሩ ነው» አላት። የሚወርደው ግን ዶፍ ዝናብ ነበር።

የሳን ሁዋን ሰዎች የድሮ መንደራቸው በቀለጠ ድንጋይ ተውጧል፤ በአንድ ገበሬ የበቆሎ ማሳ መካከል ተራራ በቅሎባቸው ነው። የጌታን ምስል በትከሻቸው ተሸክመው እዚህ መጡ። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሕዝብ በቤተ ክርስቲያን መሃል ሲጨፈር አይገረምም። በሩ ላይ መለከተኞች ቆመው ነበር። ባለስለቱ በመስመር ይገባል፤ አንዱ በእንባ፣ ሌላው በሳቅ።

«በል እንግዲህ፣ ሂድ ደንስ» አለች ኦቲሊያ።

«ባለስለቷ ትቅደም» አለ ኢላሪዮ፤ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ እየነሳ።

የኦቲሊያ ፊት ቲማቲም መሰለ። «ኤውላሊያ ናት?»

«አበልጅ ናት። ካንዴላም ትሰጣለች፣ ወሬም ትሰጣለች።»

ይስቃል ብላ ጠበቀች፤ ሳቀም። እሷ ግን አልሳቀችም። «አዎ፣ የኔ ነው» አለች። «ሐኪሙ ‹ጥሩት› ሲለኝ ያለኝ ነገር እግሬ ብቻ ነበር፤ እሱኑ ሰጠሁ። ኋላ ስትድን ግን ክፋት ገባኝ። አርባ ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጬ የሰው እግር አየሁ፣ ኢላሪዮ። እኔን እምቢ ይለኛል፣ ጌታን ግን እምቢ አይልም ብዬ ነው። ዋሸሁህ። በል እዚያ ቁጭ በል፣ አሁን እመጣለሁ።»

ሻርፗን አጠበቀችና ገባች። ኢላሪዮ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ድል ያደረገው እሱ ነበር፤ ግን ባርኔጣውን እጁ ላይ ከማዞር በቀር በድሉ የሚያደርገው ነገር አጣ። ኦቲሊያ በአንድ እግሯ ትረግጣለች፣ ሌላውን ትጎትታለች፤ ከንፈሯን ነክሳለች። መሃል ላይ ጉልበቷ ከዳትና የወንበር ጠርዝ ያዘች። ከዚያ ደግሞ ለቀቀችው። ይቺ ሴት ለእሱ ሕይወት የሰጠችው ያመማትን እግር ነው፤ እሱ ግን ጤነኛውን እግሩን ለአርባ ዓመት ከእሷ ደብቆ ኖሯል።

ተነሳ። ሮጦ ደረሰባትና ወገቧን ያዘ። በመጀመሪያው እርምጃ ጣቷን ረገጠው።

«ረገጥከኝ!»

«የአርባ ዓመት ነው፣ ቻይው።»

ወደ ቀኝ ሲባል ወደ ግራ ሄደ። ከአንድ መለከተኛ ጋር ተጋጨ፤ ይቅርታ ሊል ዞሮ ለጌታ ጀርባ ሊሰጥ ሲል ኦቲሊያ በኮቱ ጎትታ መለሰችው። ሰው ሳቀ። ዳር ላይ መቁጠሪያ የያዘች አንዲት አሮጊት ወደ መስቀሉ እያመለከተች፣ «አይዞህ ወንድሜ፣ እሱ ከዚህ የባሰም አይቷል» አለችው። ኢላሪዮ ካፈርኩ አይመልሰኝ አለና ትከሻውን ሁሉ ጨመረበት። መሠዊያው ስር ሲደርሱ ቀና ብሎ አንድ ነገር አንሾካሾከ።

«ምን አልከው?» አለች ኦቲሊያ ወደ ኋላ ሲመለሱ።

«የኔና የሱ ነው።»

በመንገድ ሁሉ፣ በየተራራውና በየአደባባዩ ጠየቀችው፤ አልነገራትም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ኤውላሊያ የመጨረሻ ልጇን ዳረች። ሙዚቃው ሲጀመር ኢላሪዮ መሃል ሜዳ ላይ ነበር፤ ከአማቶች ጋር፣ ከሚዜዎች ጋር፣ ብቻውንም። ሕፃናት ኬኩን አንስተው ሸሹ። ኦቲሊያ አምስተኛው ዙር ላይ ጠፋች። ተፈልጋ የተገኘችው ጓሮ፣ ከሞሌው ድስት ጀርባ ቆማ ወጥ ስታማስል ነው፤ በአንድ እጇ ጉልበቷን ታሻለች።

ኢላሪዮ በላብ ርሶ ከፊቷ ቆመ። «ተነሽ እንግዲህ፣ አሮጊቷ።»

«ተወኝ! ጉልበቴ ሊነቀል ነው!»

«ቀስ እንላለን። ስለት ነው።»

«የማን ስለት? እኔ የኔን ጨርሻለሁ!»

«የኔ ነዋ። ያን ቀን መሠዊያው ስር፣ ‹ይቺን ሴትዮ ከነጉልበቷ በሰላም ቤቷ ካገባህልኝ፣ እስክሞት ድረስ በተጠራሁበት ሰርግ ሁሉ አብሬያት እደንሳለሁ› ብዬ ተስያለሁ።»

ኦቲሊያ ማማሰያውን ወደ እሱ ቀሰረች። «በማን እግር ነው የተሳልከው?»

«ግማሹ ባንቺ ነው። ራስሽ ነሽ ያስተማርሽኝ።»

እንባዋ ከሳቋ ጋር መጣ። ማማሰያውን አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ዘረጋችለት።

«አዬ» አለች፤ «ምነው ያኔ ሻማ በተሳልኩ!»