ሁለት ወር የጎተትኩት መጽሐፍ

ትናንት ስልኬ ላይ አንድ አሜሪካዊ የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ መሞቱን አነበብኩ። ጡረታው ለደረሰ የጂንካ መምህር ይህ ምኑ ነው? እኔን ግን ድካም ድካም አለኝ። ዜናው «ገዳዩን እስከ መጨረሻው ገጽ መደበቅ የሚችልበት» ብሎ ያሞግሰዋል። ያቺን ሙያ እኔም ከእሱ ተምሬ ነበር።

ጂንካ ለማስተማር በተመደብኩበት ዓመት አንድ ቱሪስት ሆቴል የረሳው የዚህ ሰው መጽሐፍ እጄ ገባ። የደራሲው ሕይወት የመጽሐፉ ጀርባ ላይ ተጽፏል፦ ቀን የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፣ ማለዳ ሥራ ሳይገባ ማዕድ ቤት ተቀምጦ ይጽፋል። የበልጉ ዝናብ መንገዱን አበላሽቶት የትም አይኬድም። ከሰዓት ከሰዓት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቅቅል ጎደሬ እየላጥን፣ ለዘበኛው ለጋሽ ማርቆስ በአማርኛ እተርክለት ጀመር።

ጋሽ ማርቆስ በጂንካ አቅራቢያ ያለችው የገዘር ሰው ነው። ወንድሙ በእርሻ ድንበር ተጣልቶ ጎረቤት ገድሎ ታስሯል። ሁለቱ ቤተሰቦች ስላልታረቁ፣ እሱም ብቀላ ፈርቶ ለስድስት ዓመት አገሩ አልገባም፣ እናቱንም አላየም። ይህን እያወቅኩ ታሪኩን የጣፈጠበት ቦታ ላይ እቆርጥና «የቀረው ነገ» እለዋለሁ። ሰው አፍ አፌን ሲያየኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ወጣትነት አይደል። ምን እየጠበቀ እንደሚሰማኝ ግን አልጠየቅኩትም። በአራት ቀን የሚያልቀውን ሁለት ወር ጎተትኩት።

በመጨረሻ ገዳዩ ተያዘ፣ መጽሐፉም አለቀ። ጋሽ ማርቆስ ግን አልተነሳም።

«የገዳዩ ወንድምስ?» አለኝ። «ከሟች ቤት ማን አስታረቀው?»

መጽሐፉ ውስጥ ወንድም የሚባል የለም። ወባ ሊጥለኝ ሲል ነበርና፣ ለመገላገል ያህል ሽማግሌ ይዞ ሄደ፣ የሟች እናትም ግባ አለችው አልኩት።

በማግስቱ በሩ ላይ አጣሁት። ገዘር ሄደ አሉኝ። በውሸቴ ሰው ላስገድል ነው ብዬ ሳምንቱን እህል አልቀመስኩም ማለት ይቻላል።

በስምንተኛው ቀን መጣ። ሽማግሌ ይዞ እንደሄደ፣ የሟች እናትም ልክ እንዳልኩት ግባ እንዳለችው ነገረኝ። እፎይ ብዬ ስለ እናቱ ጠየቅኩት።

«ከተቀበረች ሦስት ሳምንቷ ነው። በዝናቡ መርዶ የሚያመጣ ጠፋ» አለኝ። ከዚያ ያለ ምንም ቂም፣ «መምህር፣ መጽሐፉ ግን ረጅም ነው» አለ።

ቀጭን ነበር። አልነገርኩትም፤ እሱም ይህን ሳያውቅ ሞተ።

ዛሬ ማንም ምን ሆነ ቢለኝ መጨረሻውን አስቀድማለሁ። ልጆቼ ወሬ አያውቅበትም እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ።