ከዳንግላ ቆሰበር አየር በያዘ ፍሬን

ቅዳሜ፣ ጠዋት 1፡30

የአክስቴ ልጅ ባሏ ሞቶባት፣ ለቅሶ ልደርስ ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ተነሣሁ። ሚኒባስ ስለጠፋ ልጄ ትርንጎ በሞተሯ ወሰደችኝ። የግብርና ባለሙያ ናት፤ በየቀበሌው የምትዞረው በዚሁ ሞተር ነው። ጭጋጉ አልተገለጠም፤ ብዙ ሳንርቅ ነጠላዬ ራሰ።

አዲስ ቅዳምን እንዳለፍን ከሰል የጫነ ጋሪ ድንገት መንገድ ገባ። ትርንጎ ፍሬን ያዘች፤ ሞተሩ ግን አልቆመም። ደጋግማ ስትጨምቀው፣ ከጋሪው አንድ ክንድ ሲቀረን ቆምን። ኋላ ሳምንቱን ሙሉ ፍሬኑ እንዲህ ሲላላባት እንደሰነበተ ነገረችኝ። ሰኞ ደግሞ ብቻዋን ቁልቁለት ልትወርድበት ነው።

4፡00፣ ቆሰበር

እንጅባራን እኛ የድሮዎቹ ቆሰበር ነው የምንላት። እየተንፏቀቅን ደርሰን መካኒክ ቤት ገባን። መካኒኩ የፍሬኑን እጀታ ጨመቅ አድርጎ፣ “አየር ይዟል” አለ። አየሩ ካልወጣለት እንደማይጠነክር አስረዳን። ሥራውንም አከፋፈለን፤ ትርንጎ ከላይ የፍሬን ዘይት ልትጨምር፣ እኔ እጀታውን ጨምቄ ልይዝ፣ እሱ ከጎማው ዘንድ ያለችውን ትንሽ ቡሎን ሊከፍትና ሊዘጋ።

እጀታውን በጨመቅሁ ቁጥር “እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ” እላለሁ። አረፋው በቀጭኗ ቱቦ ይወጣል፤ ግን አያልቅም። ብዙ ቆየን። በመጨረሻ መካኒኩ ቀና ብሎ እጄን ተመለከተ። ለካ ጸሎቴን በ‘አሜን’ በጨረስሁ ቁጥር፣ እሱ ቡሎኗን ሳይዘጋ፣ እጀታውን እለቅ ኖሯል። ያስወጣነው አየር ተመልሶ ይገባል።

“እማማ፣ እኔ ‘ዘጋሁ’ ሳልል ‘አሜን’ አይበሉ” አለኝ።

ትርንጎ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ “የንስሐ አባቷም እንዲህ አጥብቀው አላዘዟትም” አለችው።

አፈርሁ። ከዚያ ወዲያ አፍ አፉን እያየሁ ጨመቅሁ። ጣቶቼ ደነዘዙ፤ አረፋው ግን ቀረ፣ እጀታውም ጠነከረ። አንድ ሰሃን ቅቅል ድንች በሠላሳ ብር ለሁለት በልተን ለቅሶ ቤት ገባን።

9፡00፣ መልስ

ዝናብ ያዘን። ቁልቁለቱ ላይ ከብቶች መንገዱን ሞልተውት ነበር። ትርንጎ ፍሬኑን ጨመቀች፤ ሞተሩ ቆመ። “ተመስገን” አልሁ።

ሰኞ፣ ጠዋት

ለልጄ ስጸልይላት ኖሬአለሁ፤ ሞተሯን ግን አንድ ቀን አይቼላት አላውቅም ነበር። ዛሬ ቀድሜያት ወጣሁና እጀታውን ጨመቅሁት። አልላላም። ከዚያ መርቄ ሸኘኋት።