የተወጉት መጻሕፍት

ከመንደራችን የወጣሁት ከሱብሂ ሶላት በኋላ ነው። የምሄደው ጅማ፣ የማመጣው መጽሐፍ። ልጄ ዘይነባ ስድስተኛ ክፍል ናት፤ የሚኒስትሪ ፈተናዋ ደርሷል። አምና ከትምህርት ቤታችን አንድም ልጅ አላለፈም። ሊጎበኝ የመጣው ሹም «የገጠር ልጅ ጭንቅላት አይቀበልም» ብሎን ሄደ። ክፍሉ ውስጥ ያለው መጽሐፍ አንድ ብቻ መሆኑን፣ እሱም ከመምህሩ እጅ እንደማይወጣ አልጠየቀም። ቀድሞ የመጡትን ዳይሬክተሩ «የመንግሥት ንብረት ነው» ብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎባቸው ምስጥ አነበባቸው።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ሸብቼ ነው፣ በመሠረተ ትምህርት። አንዱን መጽሐፍ ከበን ስለተማርንና የእኔ ቦታ ከወዲያ ማዶ ስለነበር፣ እስከ ዛሬ የተገለበጠ ጽሑፍ ይፈጥንልኛል። ልጄ እንደኔ እንድትማር አልፈልግም።

ጅማ

አጋሮ ድረስ በእግሬ፣ ከዚያ በአውቶቡስ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ግራ ቀኙ የቡና ጥላ። ጅማ ስደርስ የመጽሐፍ መጋዘኑ ዝግ ነበር። ደጁ ላይ በስሙኒ ሻይ ጠጥቼ ጠበቅሁ። ኃላፊው ከሰዓት በኋላ መጣ።

«መኪና የለኝም፣ መጠቅለያም የለኝም» አለኝ። «መሸከም ከቻሉ ይፈርሙና ይውሰዱ።»

ፈረምኩ። እዚያው ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር የሚነግደው ዘመዴ ሐጂ ነዚፍ ባዶ የቡና ጆንያዎች ሰጠኝ፤ ግን ፊቱ አላማረኝም።

«ወንድሜ፣ ኬላ አለ እኮ። በቡና ጆንያ ባትጭን ይሻልሃል።»

«ዝናቡስ? አንተ ትከልልላቸዋለህ?»

«ዋላሂ፣ ምላስህ አንድ ቀን ያሳስርሃል» አለ።

ኬላው

ስመለስ በጭነት መኪና ነበር፤ ጆንያዎቹ ላይ ተቀምጬ። ኬላው ላይ አንድ ወጣት ጠባቂ የቡና መውጊያውን፣ ጆንያ ወግቶ ፍሬ የሚያወጣበትን ሹልና ውስጡ ክፍት ብረት ይዞ ወጣ።

«ምንድነው የጫንከው?»

«መጽሐፍ።»

«መጽሐፍ በቡና ጆንያ? እኔን ታሞኛለህ?»

«ቡና ከጅማ ወደ አጋሮ ማን ይጭናል? ወንዝ ላይ ውሃ ይደፋል እንዴ?»

ተሳፋሪው ሳቀ። ያ ሳቅ ነው የጎዳኝ። ልጁ ብረቱን አንዱ ጆንያ ውስጥ እስከ እጀታው ሰካው። የወጋው እኔን መሰለኝ። ሲመዝዘው ጫፉ ላይ አንድ የቡና ፍሬ ተጣብቋል፤ ከጆንያው ስፌት የቀረ።

«ይኸውልህ መጽሐፍህ!»

በዚያ ጊዜ የኮንትሮባንድ ቡና ሰውን ያሳስራል፣ መኪናም ያስወርሳል። ሹፌሩ ፊቱ አመድ መሰለ። «አባ ዘይነባ፣ አፍህን ያዝ! በአላህ!» አለኝ።

ልጁ ሁለተኛውን ጆንያ ወጋ። ሦስተኛውንም። ከመኪናው ዘልዬ ወረድኩ። «ፍታውና እይ!» ብዬ ጮህኩ። «ለፈተና የሚቀመጡ ልጆች ናቸው የሚጠብቁኝ! ቡና ከሆነ እሰረኝ!»

ፈታው። እርጥብ ሣር ላይ ዘረገፈው። አንዱን አንስቶ አገላበጠ፤ ብረቱ ከሽፋን እስከ ሽፋን በስቶታል። በቀዳዳው ሰማዩን አየ።

«ጫንና ሂድ» አለኝ።

ቤት

ዳይሬክተሩ መጻሕፍቱን አገላብጦ ራሱን ነቀነቀ። «ደህና ነው ብለው የፈረሙበትን ተበስቶ አልረከብም። ኋላ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«አትረከብም?»

«አልረከብም።»

«እስቲ በሰው ፊት ድገመው።»

በወላጆች ፊት ደገመው። እንግዲያው የማንም ንብረት አይደሉም ብዬ ጆንያዎቹን ባንዲራው ሥር ዘረገፍኩ። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን አንስቶ ወደ ቤቱ ሮጠ። በመንደራችን ብዙ ቤት ውስጥ ከቁርአን በቀር መጽሐፍ ሲያድር ያ የመጀመሪያው ነው።

በማግስቱ ዘይነባ ጮክ ብላ ስታነብ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ድንገት ቆመች።

«አባ፣ እዚህ ጋ ቃሉ የለም።»

«ከፊቱና ከኋላው አንብቢና ራስሽ ሙዪው።»

ሞላችው።

ፈተናውን አለፈች፤ አብረዋት ከተቀመጡትም ብዙዎቹ አለፉ። ጭንቅላታቸው የአምናው ነው፤ የሚበሉትም፣ መምህራቸውም የአምናው። ጉዞው ያስተማረኝ ይኸው ነው፤ ያ ሹም ቢመጣ በፊቱ እነግረዋለሁ።

ውጤቱ በተሰማ ሳምንት ዳይሬክተሩ ሰው ላከብኝ። መጻሕፍቱን አሁን እረከባለሁ፣ ቁም ሳጥኑም ተጠግኗል አለ።

«ቀዳዳው አልተደፈነም በለው» አልኩት።