የጀማሉዲን አራት መቶ

ሀርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር ውስጥ መኪና የሚሸጥ ሰው ኮፈኑን ከፍቶ፣ ጎማውንም ወንበሩንም ከማሳየቱ በፊት «ጀማል ሦስት መቶ ብሏታል» ይል ነበር። ገዢውም ክርክሩን እዚያው ላይ ይተዋል። ሦስት መቶ ማለት ሦስት መቶ የፈረስ ጉልበት ነው፤ ጀማል ማለት ደግሞ በሮብሌ ጋራዥ አሥራ ስምንት ዓመት የሠራው የድሬዳዋው መካኒክ ጀማሉዲን ነው። ወረቀት የለ፣ ማሽን የለ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ወደ ሞተሩ ዘንበል አድርጎ፣ «ነዳጅ ስጠው... ጨምር... አቦ ጨምር እንጂ... በቃ!» ይላል። ከዚያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቁጥሩን ይጠራል። አንዴ የጠራውን ቁጥር ማን ደፍሮ ይቀንሳል? ሰውዬው ራሱስ ቀንሶ ያውቃል እንዴ!

እንግዲህ እንዲህ ተከብሮ በኖረ ሰው ላይ ነው ሂቦ የመጣችበት።

ሂቦ የሀርጌሳ ልጅ ናት። አዲስ አበባ አድጋ፣ እዚያው መካኒካል ኢንጂነሪንግ ተምራ የተመለሰች፣ ሠላሳ ዓመት እንኳ ያልሞላት። ሮብሌ ከዱባይ ዳይኖ የሚሉትን የጉልበት መለኪያ ሲያስመጣ፣ ማሽኑን እንድታሠራ እሷን ቀጠረ። ዳይኖው መሬት ውስጥ የተቀበሩ ሁለት ወፋፍራም የብረት በርሜሎች ናቸው። መኪናው በሰንሰለት ታስሮ የኋላ ጎማዎቹን እነሱ ላይ ያሽከረክራል፤ ኮምፒውተሩም ጉልበቱን በመስመር ስሎ በወረቀት ያወጣዋል። ወር ሳይሞላ ሰዉ «ጀማል ስንት አላት?» ማለቱን ትቶ «ወረቀቷ የታለ?» ማለት ጀመረ።

ጀማሉዲን ቀና። ምን ማሽሞንሞን ያስፈልጋል፣ ቀና! እርር ድብን አለ። ሃምሳ ሁለት ዓመት የሞላው፣ ሦስት ልጅ የዳረ ሰው የጎረምሳ ቅናት ያዘው። የባሰው ደግሞ ልጅቷ ጨዋ መሆኗ ነው። ጠዋት ስትገባ ከማንም በፊት ወደ እሱ መጥታ «አሰላሙ ዐለይኩም ጋሼ ጀማል፣ እንዴት አደሩ?» ትለዋለች፣ ያውም ጥርት ባለ አማርኛ። ጋራዡ ውስጥ ከሁለቱ በቀር አማርኛ የሚሰማ አልነበረም፤ ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ብቻ ይወዳት ነበር። እሱ ግን «በሰደበችኝ ይሻል ነበር» ይላል በሆዱ። የሚያከብርህን ሰው መጥላት ቀላል ሥራ አይደለም፣ ጀማሉዲን ግን ቻለበት።

በዚህ መሃል ሮብሌ ሁለቱን ጠርቶ፣ «ዱባይ ወንድሜ ጋ ለአንድ ዓመት ልሄድ ነው። ጋራዡን ከሁለት አንዳችሁ ይዛችሁ ትቆያላችሁ። አርብ ከጁምዓ በኋላ ቁልፉን እሰጣለሁ» አለ። ጀማሉዲን ይህችን ቃል አሥራ ስምንት ዓመት ጠብቋታል። አሁን ስትመጣ «ከሁለት አንዳችሁ» የምትል ጭራ አስከትላ መጣች።

በዚያው ሳምንት አሕመድ ዳጋህ ሰፈር የሞባይል ሱቅ ያለው አያንሌ ነጯን ሱፕራ መኪናውን ሊያስለካ አመጣት። ሱፕራዋ የጀማሉዲን ዓይን ናት። ትልቅ ቱርቦ የገጠመላት፣ የጭስ መውጫ ማርሚታዋን የቀየረው፣ የነዳጇን ልክ ሁለት ዓመት ሙሉ በጆሮው እየሰማ ያስተካከለው እሱ ነው። «አራት መቶ ናት» ብሎም ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ጠርቷል። ሂቦ አስራ፣ ነድታ፣ ወረቀቱን አወጣች። ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ይላል። ከሷ በኋላ ሂቦ ራሷ የሠራችው፣ መሀድ የሚባል ደንበኛ ግራጫ ኒሳን ወጣ፤ ሦስት መቶ ሠላሳ አንድ። ጎረምሶቹ አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘው ሳቁ።

«አየሩ ነው» አለ ጀማሉዲን ወዲያው። «ሀርጌሳ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሯ ስስ ነው። ማሽንሽ የዱባይ ነው፣ ይሄን የት ያውቃል?»

«ያውቃል ጋሼ፣ አየሩን እየለካ ነው የሚያሰላው። ግን እርስዎ አራት መቶ ያሉት ከሞተሩ የሚወጣውን ነው። ማሽኑ የሚለካው ጎማው ላይ የደረሰውን ነው፤ መንገድ ላይ ጥቂቱ ይባክናል። ስለዚህ ብዙም አልተሳሳቱም።»

«ያንቺስ ኒሳን?»

ሂቦ ትንሽ አመነታች። «እሱም ጎማው ላይ ነው።»

ጀማሉዲን ወረቀቶቹን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። «ብዙም አልተሳሳቱም» ያለችው እንደ እሬት መረረው። ይህቺ ትናንት የመጣች ልጅ አንጀቷ ራርቶ ታጽናናው ጀመር!

ቤቱ ገብቶ ሁለቱን ወረቀት ምንጣፉ ላይ ዘረጋና አፈጠጠባቸው። ሚስቱ ሰብሪያ ሾርባው ቀዘቀዘ ብላ ብትጠራው፣ ደግማ ብትጠራው፣ ዞር እንኳ አላለም። ዓይኑ አንድ ነገር ላይ ተተክሏል። የኒሳኑ መስመር ሽቅብ ወጥቶ ወጥቶ በደቂቃ እስከ ሰባት ሺህ የሞተር ዙር ይሄዳል። የሱፕራዋ ግን ገና እየወጣ ሳለ አምስት ሺህ ዙር ላይ ቁርጥ ይላል።

«እግሯን ከነዳጁ አንስታለች!» ብሎ ጮኸ። «ሰብሪያ፣ ወላሂ እግሯን አንስታለች! መኪናዬን ግማሽ መንገድ ላይ አቁማ ነው የለካችው!»

ሰብሪያ ጎንበስ ብላ አየችው። «ምክንያት ይኖራት ይሆናላ። ለምን አትጠይቃትም?»

«ምክንያቱማ ቁልፉ ነው! ልጠይቃትና ሌላ ውሸት ታዘጋጅ?»

ሰብሪያ ከንፈሯን መጥጣ ሾርባውን ልታሞቅ ሄደች። ጀማሉዲን ግን ደስ ብሎት አደረ። የሚቀናበት ሰው ሌባ ሆኖ ሲገኝ እንዴት ያለ እፎይታ ነው!

አርብ ከሶላት መልስ ግቢው ጢም አለ። ሮብሌ ነጭ ለብሶ፣ ቁልፉን ጣቱ ላይ እያዞረ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጀማሉዲን መሃል ላይ ቆሞ ሁለቱን ወረቀቶች ከፍ አድርጎ ያዘና በሶማሊኛ ተናገረ፣ «እዩ! የሷ እስከ ጫፍ፣ የኔ እስከ ግማሽ! ይሄ ሚዛን ነው? ሱፕራዋ አሁን እስከ ጫፍ ትለካ!» ጎረምሶቹ አጨበጨቡ፤ አያንሌም ሱፕራዋን አምጥቶ በርሜሎቹ ላይ አቆማት።

ሂቦ ተጠግታ በአማርኛ፣ ሰው እንዳይሰማባት ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ ይቅርብዎ። በአላህ ይሁንብዎ፣ ለብቻዎ ልንገርዎ» አለችው።

«እዚሁ ተናገሪ! በሶማሊኛ ተናገሪ!»

ሰዉን አየች፣ እሱን አየች። «እኔ አልነዳትም» አለች በመጨረሻ።

«እኔ እነዳታለሁ!» ብሎ ዘሎ ገባ።

ኮፈኑ ክፍት ስለሆነ ፊት ለፊት አይታየውም፤ በጎን መስኮት ግን ግቢው ሁሉ ይታየዋል፣ የኮምፒውተሩም ቁጥር። ነዳጁን ረገጠው። ሱፕራዋ ሰንሰለቷን ወጥራ አጓራች። ሁለት መቶ ሰባ። ሦስት መቶ። ሦስት መቶ አሥራ ስምንት። አምስት ሺህ ዙር አለፈች። የኒሳኑን ሦስት መቶ ሠላሳ አንድም አለፈች። በመስኮቱ ቢያይ ሂቦ ሁለት እጇን ታውለበልባለች። «ቀናሽ!» አለ ጥርሱን ገልጦ። «ቅመሻት!» አያንሌ ጭንቅላቱን ይዟል። ሻይ ሻጯ ኸድራ እንኳ ከበሩ ሆና ፊቷን አጨማዳ፣ ጥርስ እንደነዘራት ሰው ትከሻዋን ሰብስባለች። ምን ሆነዋል? ሦስት መቶ ስልሳ። ሦስት መቶ ሰባ አራት። ሮብሌ ከወንበሩ ተነስቶ ሲሮጥ አየው፣ ከዚያ ኮፈኑ ሥር ነጭ ጭስ ቡልቅ አለና ሞተሩ ሞተ።

ሲወጣ «አያችሁ? ሦስት መቶ ሰባ አራት!» አለ። ማንም አላጨበጨበም።

አያንሌ ሞተሩ ላይ አጎንብሶ «መኪናዬን! መኪናዬን!» ይላል። ሮብሌ ጀማሉዲንን ክንዱን ያዘው። «ያ ሁሉ ሲያንኳኳ ለምን አላቆምክም?»

«ምኑ?»

«ሞተሩ ነዋ! ጎረቤት ሁሉ ሰማው እኮ!»

ጀማሉዲን የከበቡትን ፊቶች አንድ በአንድ አየ። ሲያንኳኳ ሰምተዋል። ሁሉም ሰምተዋል። ሻይ ሻጯም ሰምታለች። እሱ የሰማው የሱፕራዋን ማጓራት ብቻ ነበር። አምስት ሺህ ዙር ላይ ሂቦ እግሯን ያነሳችው ለዚህ ነበር ማለት ነው። የነዳጁ ልክ መበላሸቱን አውቃለች፣ ለማንም አልተናገረችም።

አሁንም እሷው ቀደመችው። ለሮብሌ በሶማሊኛ «ቤንዚኑ ነው» አለች። «ሰሞኑን የገባው መጥፎ ነው፣ መኪናው ውስጥ ሆኖ ደግሞ አይሰማም። በማንም ላይ ይደርሳል።» ከዚያ ወደ እሱ ዞራ በአማርኛ «ጋሼ፣ ዝም ይበሉ። እኔ እጨርሰዋለሁ» አለች። ሮብሌ ጥቂት አሰበና ራሱን ነቀነቀ። አምኗል፤ ቁልፉ አሁንም ጣቱ ላይ ነው።

ጀማሉዲን ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት የጠበቀውን ቁልፍ ምናልባት ይዞ ይገባ ነበር። ግን ከሷ እጅ? እንደ ሰደቃ? ቅናቱ እዚያች ሰዓት ላይ እንኳ አልተኛለትም።

«ውሸቷን ነው» አለ በሶማሊኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ቤንዚኑ ምንም አልሆነም፣ መስኮቱም ክፍት ነበር። የነዳጁን ልክ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ስታንኳኳ አልሰማሁም። ምናልባት ቆይቷል... ቀጭን ድምፅ አልሰማም።»

ሮብሌ ክንዱን ለቀቀው። ከዚያ በኋላ ቁልፉ ለማን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ሰዉ ሲበታተን ሂቦ አጠገቡ ቆማ ቀረች። እሱ የሱፕራዋን ኮፈን በእጁ ተደግፏል።

«እንዴት ነበር ድምፁ?» አላት።

«እ?»

«ስታንኳኳ። ንገሪኝ።»

«ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ጠጠር ሲበተን እንደሚሰማው ነው ጋሼ። ቀጭን፣ ፈጠን ፈጠን የሚል።»

ያውቀዋል። ያን ድምፅ ያውቀዋል! ስንቱን ሞተር በሱ ከሞት አውጥቷል። የሂቦን ጆሮ ሻሿ ሸፍኖታል፤ ጀማሉዲን ግን ዓይኑን ከዚያ መንቀል አቃተው። ዲግሪዋም ማሽኗም ቁልፉም ለራሷ ይሁንላት፣ ጆሮዋን ብቻ በሰጠችኝ፣ አለ በሆዱ።