ለአባቴ የወሰድኩት መድኃኒት

ባለፈው ሳምንት የአምቡላንሱን የድንገተኛ መድኃኒት ሣጥን ከፍቼ አንድ በአንድ ስፈትሽ፣ አዲስ የተመደበችው ነርስ አይታኝ ሳቀች። «ሲስተር፣ ትናንት እኮ አብረን አይተነዋል። ምነው እንደ ፍተሻ ኬላ ይሆኑብናል?» አለችኝ። እኔም ሳቅሁላት። መልሱን ግን አልነገርኳትም። ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ።

ነገሩ የመጣው ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ጎንደር ውስጥ በአምቡላንስ ነርስነት ከተቀጠርኩ ገና መንፈቅ አልሞላኝም። ሣጥኑ በእኔ እጅ ነው፦ አድሬናሊን፣ ግሉኮስ፣ የሕመም ማስታገሻ፣ ደግሞም አስም ያፈነው ሰው በአፉ የሚስበው፣ እኛ ፓፍ የምንለው። ያን ሰሞን ፓፍ ከየመድኃኒት ቤቱ ጠፍቶ ነበር። የከተማችንን ገበያ አራዳን ከላይ እስከ ታች ዞሬ አጥቻለሁ። የዞርኩት ለአባቴ ነው።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ዓመቱን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ ይከርሙና ብርዱ ሲጠና ደረታቸው ይዘጋል። በዚያ ዓመት የገና በዓል ሲቃረብ፣ ግድግዳ ተደግፈው፣ ትንፋሻቸው እያፏጨ፣ «እንግዲህ የዘንድሮውን ማኅሌት ተማሪዎቼ ይቁሙልኝ» ሲሉ ሰማኋቸው። በማግሥቱ ሣጥኑ ውስጥ የነበረችውን አንዲት ፓፍ በቦርሳዬ ይዤ ገባሁ።

«ከየት አገኘሽው ልጄ?»

«ሰጡኝ» አልኩ።

ግንባሬን ስመው መረቁኝ። ለሁለት ቀን ብቻ ነው፣ እመልሳታለሁ እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ተጠራን። ከሹፌሩ ከጋሽ ተፈራ ጋር የወለቃን መንደር አልፈን፣ መንገድ ዳር ሸክላ የደረደሩትን ሴቶች አቧራ አልብሰን፣ ሽቅብ ወጣን። የታኅሣሥ ሰማይ ጥርት ብሏል፤ ነፋሱ ግን ፊት ይቆርጣል። በየአውድማው ገብስ ይወቃል፤ እብቁ እንደ ጭስ ወደ መንገዱ ይነፍሳል፤ ሽታው ገና የተቆላ እህል ይመስላል።

በሽተኛው አያ ደሴ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። እህል ሲያዘሩ እብቁ አፍኗቸው፣ ጎረቤቶቻቸው በቃሬዛ መንገድ ዳር አውጥተዋቸዋል። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው አየር ይለምናሉ። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ሚስታቸው እትዬ ጥሩ ቀሚሴን ያዘችኝ።

«ያችን አፉ ላይ የምትነፋዋን ስጪው ልጄ! አምናም እሷው ናት ያተረፈችው።»

ሣጥኑን ከፈትኩ። ባዶ መሆኑን የማውቀውን ቦታ ደግሜ በጣቴ ዳሰስኩት።

«አልቋል» አልኩ።

ኦክስጅን አድርጌላቸው፣ ሚስታቸውንም አሳፍረን ተነሣን። ግማሽ መንገድ ላይ መናገር አቃታቸው፤ ቀጥሎ አንገታቸው መውደቅ ጀመረ። የቀረኝ አድሬናሊን ነው፤ እሱን ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳልሰጥ ተነግሮኛል። የመኪናውን ሬዲዮ ደጋግሜ ሞከርኩ፤ የሚሰማኝ የለም።

«ጋሽ ተፈራ፣ ያቁሙልኝ! መርፌ ልወጋቸው ነው።»

«ታውቂበታለሽ?»

«ሲሰጥ አይቻለሁ። ራሴ ሰጥቼ አላውቅም።»

ዞር ብለው ሰውየውን አዩ። «እንግዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? እያመለጡን ነው እኮ!»

ጭናቸው ላይ ወጋኋቸው። ጥቂት ቆይቶ አንገታቸው ቀና አለ፤ ትንፋሻቸው እያፏጨም ቢሆን መግባት ጀመረ። ሆስፒታል አድርሰን በሕይወት አስረከብናቸው።

በሩ ላይ እትዬ ጥሩ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። «በአንቺ ነፍሱ ተረፈች!» ጋሽ ተፈራም ላገኙት ሁሉ ጀግንነቴን ያወሩ ጀመር። እኔ ሣጥኑን ዘጋሁ። ቤት ስደርስ አባቴ ደረታቸው ተከፍቶ ያዜማሉ። ድምፃቸው እስከ አጥሩ ይሰማል። የቀረበልኝን ሽሮ አንድ ጊዜ ጎርሼ ተውኩት።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ሆስፒታሉ ሄድኩ። አያ ደሴ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እትዬ ጥሩ ከነጠላዋ ጫፍ የአዲስ ገብስ ቆሎ ፈትታ በመዳፌ ሞላችልኝ። ቆሎውን እንደያዝኩ ተናገርኩ።

«መድኃኒቱ አላለቀም ነበር። እኔ ነኝ ለአባቴ የወሰድኩት። እሳቸውንም እንዲሁ ያፍናቸዋል።»

እትዬ ጥሩ መጀመሪያ የሰማችኝ አልመሰለኝም። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ዳግመኛም አላናገረችኝም። አያ ደሴ ወደ እኔ ዘወር አሉ።

«አባትሽስ ተሻላቸው?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ እንባዬ እየወረደ።

«ሸጋ» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ለአለቃዬም ተናገርኩ፤ ለጊዜው ከአምቡላንሱ አነሣኝ። አባቴ የፓፏን ነገር ከእኔ ሲሰሙ አምጥተው እጄ ላይ አስቀመጧት። ደረታቸው ተመልሶ ተዘግቶ የዚያን ዓመት የገና ማኅሌት አልቆሙም። ከሕዝቡ ኋላ፣ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ተማሪዎቻቸውን ሲያዳምጡ አየኋቸው።

አሁን ፀጉሬ ሸብቷል። አባቴም አያ ደሴም በየጊዜያቸው አርፈዋል። ስርቆቴን ለነፍስ አባቴ ተናዝዣለሁ፤ ውሸቴንም እንዲሁ። አንድ ነገር ግን ለማንም አልተናገርኩም። አያ ደሴ ከሞት አፋፍ ተመልሰው ስለ አባቴ ሲጠይቁኝ፣ እያለቀስኩም፣ እያፈርኩም፣ አባቴ ስለተሻላቸው ውስጤ ደስ ብሎት ነበር።